የበረዶ ናዳ፣ ውሽንፍርና ውሳኔ፦ ያልተናደ ተዳፋት ለምን መጥፎ መምህር ይሆናል?

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ በቃል የቀረበው ገለጻ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበት የተዘጋጀ ቅጂ ነው።)



የዛሬውን ርእስ ሳሳውቅ አንዳንድ ባልደረቦቼ «በረዶ በማይከማችበት አገር ስለ በረዶ ናዳ ማውራት ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ሁለት መልስ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ተግባራዊ ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ጥቂቶቻችሁ ነገ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ወይም ወደ አሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ትሄዱ ይሆናል። በዚያም ቅዳሜና እሑድ ወደ ተራራ የሚወጣ የክፍል ጓደኛ «ነይ አብረን እንሂድ»፣ «ና አብረን እንውጣ» ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው መልስ ሳይንሳዊ ነው። የበረዶ ናዳ ሰው ከልምዱ መማር የሚቸገርበትን የአደጋ ዓይነት አጉልቶ ያሳያል። ትኩረቴም በዚህ በሁለተኛው ላይ ያርፋል።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በአማርኛ «በረዶ» ስንል እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ቀስ ብሎ የሚያርፈውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። «ክረምት» የሚለው ቃልም ያሳስታል፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በረዶ የሚወርድባቸው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ለእኛ በጋ ናቸው። ስለዚህ «የበረዶ ወቅት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

፩. ናዳው ከመውረዱ በፊት

ብዙ ሰው የበረዶ ናዳ ሲባል ከተራራ አናት እየተንከባለለ የሚያድግ ትልቅ ኳስ ይታየዋል። ሰው የሚገድለው ናዳ በአብዛኛው እንዲህ ያለ አይደለም። አንድ ሰፊና የተያያዘ የበረዶ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ንብርብር ተላቆ፣ እንደ ተሰነጠቀ መስታወት ተሰባብሮ፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ለዚህ አራት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ በቂ ተዳፋትነት፣ ከላይ የተያያዘ ንጣፍ፣ ከሥሩ ደካማ ንብርብር፣ በመጨረሻም ቀስቃሽ።

ተዳፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ነው። 30 ዲግሪ ማለት በአግድም 100 ሜትር ስትሄዱ 58 ሜትር ያህል ከፍ የሚል ቁልቁለት ነው። ከዚህ ለዘብ ያለው ንጣፉን ይሸከመዋል፤ እጅግ የቆመው ገደል ደግሞ በረዶው በየጊዜው ስለሚራገፍበት ብዙ አያከማችም። አስቸጋሪው ነገር፣ ለናዳ የሚመቸው ቁልቁለት በስኪ ለሚንሸራተት ሰው ከሁሉ የሚያስደስተው ቁልቁለት መሆኑ ነው።

ደካማው ንብርብር እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት ደግሞ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ የደጋውን ገበሬ የሚያስጨንቀውን ውርጭ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምድሪቱ ሙቀቷን ደመና ወደሌለበት ሰማይ ትለቃለች፤ ገጽዋ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎትም በቅጠሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ጥርት ባለ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ ላባ የሚመስሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ስስ ቅንጣቶች ይበቅላሉ። በማለዳ ፀሐይ ሲያብረቀርቁ እጅግ ያምራሉ። ቀጥሎ ውሽንፍር መጥቶ ሲቀብራቸው ግን ከላያቸው የተጫነውን ክብደት ለሳምንታት በቋፍ የሚሸከሙ ምሰሶዎች ይሆናሉ።

ሌላው ደካማ ንብርብር ከታች የሚፈጠር ነው። መሬቱ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ አየሩ ግን እጅግ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በመካከሉ ያለው በረዶ ስስ ከሆነ፣ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ እየተጓዘ ቅንጣቶቹን እንደ ስኳር ፍሬ የተለያዩና የማይያያዙ ያደርጋቸዋል። በተዘነበለ ገበታ ላይ ጤፍ በትናችሁ ከላዩ ወፍራም ቁርበት ብታነጥፉ የሚሆነውን አስቡት። ቁርበቱ ለጊዜው ይቀመጣል፤ ትንሽ ሲነካ ግን በሙሉ ይሄዳል።

ከዚያ ውሽንፍሩ ይመጣል። አዲስ የወረደ በረዶ ቀላል ይመስላል፤ እስቲ እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ አዲስ በረዶ 100 ኪሎ ይመዝናል ብንልና ግማሽ ሜትር ቢወርድ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ኩንታል ተጨመረ ማለት ነው። 50 ሜትር በ100 ሜትር በሆነ አነስተኛ ተዳፋት ላይ ይህ 2,500 ኩንታል ይሆናል። ነፋስ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ነፋስ በረዶውን ከተራራው አንድ ጎን ጠርጎ በተከለለው ጎን ሲያከማች፣ ከሰማይ ከሚወርደው ብዙ እጥፍ በሆነ ፍጥነት ሊጭን ይችላል፤ እግረ መንገዱንም ቅንጣቶቹን ሰባብሮ ያጣብቃቸዋል፤ የተያያዘውን ንጣፍ ይሠራዋል። ስለዚህ ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ነፋስ በረዶውን እየነዳ ከሆነ ውሽንፍሩ ለተዳፋቱ አላለቀም።

የቀረው ቀስቃሽ ነው። ተጨማሪ በረዶ፣ ዝናብ፣ ድንገተኛ ሙቀት ወይም የአንድ ሰው ክብደት ሊሆን ይችላል። በመዝናኛ ጉዞ ላይ ከሚደርሱ ገዳይ ናዳዎች ውስጥ ከ10 አደጋዎች በ9ኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሰው ተጎጂው ራሱ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ይህ ቁጥር አሳዛኝ ቢሆንም ተስፋም አለበት፤ የሰው ውሳኔ ያመጣውን አደጋ የሰው ውሳኔ ሊያስቀረው ይችላልና።

፪. አንድ ተራራ፣ ሁለት ውሽንፍር

ይህን በአንድ ቦታ ላይ እንየው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል ከተማ በስተምሥራቅ፣ የካስኬድ ተራሮችን የሚያቋርጥ ስቲቨንስ ፓስ የሚባል መተላለፊያ አለ። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር በእነዚህ ተራሮች ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እጅግ ብዙ በረዶም ያራግፋል።

እ.ኤ.አ. በ1910 የካቲት ወር መጨረሻ ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ የመንገደኞች፣ ሌላው የፖስታ፣ በመተላለፊያው አጠገብ በምትገኘው ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ታገዱ። በረዶው ለቀናት ያለማቋረጥ ወረደ፤ ከፊትም ከኋላም ሐዲዱን ናዳ ዘጋው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ባቡሩ ወደ ዋሻው እንዲመለስ የጠየቁ ነበሩ፤ በዋሻው ውስጥ ጭስ ያፍነናል የሚል ፍርሃትም ነበር። ጥቂቶች በእግራቸው ወርደው ተረፉ። ከዚያ አየሩ ሞቀ፤ በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ ነጎድጓድም ሆነ። መጋቢት 1 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቀደም ሲል ደኑ በእሳት ተመንጥሮ ከነበረው ተዳፋት ላይ ሰፊ ንጣፍ ተላቆ ሁለቱንም ባቡሮች ወደ ሸለቆው ጣላቸው። 96 ሰዎች ሞቱ። እስከ ዛሬ በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ ይኸው ነው። የጣቢያዋ ስም ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ከ12 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አዲስ ዋሻ ተከፍቶ የባቡሩ መስመር ከአደገኛው ተዳፋት ሥር ወጣ።

ዌሊንግተን ላይ የነበሩት ሰዎች ምርጫቸው ጠባብ ነበር። ከ102 ዓመት በኋላ በዚያው አካባቢ የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2012 ከከባድ ውሽንፍር ማግስት፣ 16 ሰዎች ከስቲቨንስ ፓስ የስኪ ማዕከል ክልል ውጭ ወዳለው ተነል ክሪክ ወደሚባል ቁልቁለት ወጡ። አብዛኞቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። ተራራውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ኑሯቸውም ሙያቸውም ስኪ የሆነ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። መፈለጊያ መሣሪያ ይዘዋል። የዕለቱም የናዳ ትንበያ አደጋ መኖሩን አስጠንቅቋል። በአዲሱ በረዶ ሥር ቀደም ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች የበቀሉት፣ ቅድም የገለጽኳቸው ላባ መሰል ቅንጣቶች ተቀብረው ነበር። ንጣፉ ተላቀቀ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

ኒውዮርክ ታይምስ ስለዚህ አደጋ በዚያው ዓመት ያወጣውና በኋላ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ዘገባ ለእኛ ዐቢይ የሆነ አንድ ነገር አሳይቷል። ከቡድኑ አባላት ውስጥ ከአንድ በላይ የሆኑት በልባቸው ጥርጣሬ ነበራቸው። ቡድኑ ትልቅ ነው፤ ቀኑ አደገኛ ነው ብለው አስበዋል። ሐሳቡን ወደ ቡድኑ ውሳኔ ያደረሰ ሰው ግን አልነበረም። ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአጠገባቸው ስላለ ዝም ያሉ ነበሩ።

፫. ልምድ ብቻውን ለምን አያድንም?

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የጋራ ጥናት የባለሙያ ደመ ነፍስ መቼ ይታመናል የሚለውን ጥያቄ አንሥተዋል። ባጭሩ መልሳቸው፣ አካባቢው ሥርዓት ያለው ሲሆንና ባለሙያው ስለ ፍርዱ ፈጣንና ግልጽ መልስ ሲያገኝ ነው የሚል ነው። የቼዝ ተጫዋች ስሕተቱን ወዲያው ያያል። በበረዶ ተዳፋት ላይ የሚጓዝ ሰው ግን እንዲህ ያለ መልስ አያገኝም።

ለምን? አንድ ሰው በአደገኛ ተዳፋት ላይ ወጥቶ ናዳ ሳይወርድ ቢቀር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ ተዳፋቱ ጽኑ ነበር፤ ወይም ደግሞ ከደካማው ነጥብ ሁለት ሜትር ርቆ አልፏል። ሰውየው የትኛው እንደሆነ ፈጽሞ አያውቅም። ሁለቱም በልቡ «ልክ ነበርኩ» የሚል አንድ ዓይነት ትምህርት ጥለው ያልፋሉ። ይህ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ሰውየው ባለ ብዙ ልምድ ይባላል፤ ከመቶው ስንቱ በዕድል እንደታለፈ ግን የሚነግረው የለም። ያልተናደ ተዳፋት መጥፎ መምህር የሚሆነው በዚህ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል ለትምህርት በነበርኩበት ዘመን፣ ለመስክ ሥራ የወጣንበት ዕለት የአካባቢው መሪያችን ከተራራው ግርጌ ቆሞ ሌሊቱን የነፈሰውን ነፋስ አቅጣጫ አስተዋለና «ዛሬ አንወጣም» አለ። ተመለስን። ያ ተዳፋት በዚያ ቀን አልተናደም። ከእኛ መካከል «ታዲያ ለምን ተመለስን?» ያሉ ነበሩ። መሪው አልተከራከረም። የሚያስመሰክርበት ማስረጃ እንደሌለው ያውቅ ነበር፤ ጥሩ ውሳኔ በዚህ መስክ ምስክር አይገኝለትምና።

ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎች በግልጽ የሚታይ ምልክት እያለ ወደ አደጋው የሚገቡባቸውን የአስተሳሰብ ወጥመዶች ለይቷል። ቦታውን መልመድ አንዱ ነው። «እዚህ ድረስ መጥተን» ብሎ በዓላማ መጽናት ሌላው ነው። በሌሎች ፊት የተሻሉ ሆኖ ለመታየት መፈለግ፣ ሌሎች ሲሄዱ ማየት፣ ያልተረገጠው በረዶ በሌላ ሰው ሳይነካ ለመድረስ መቸኮል፣ እንዲሁም ለቡድኑ አዋቂ ፍርድን ሁሉ አሳልፎ መስጠት አሉ።

ይህን የመጨረሻውን ለእኛ ተማሪዎች ለይቼ አነሣዋለሁ። ያደግነው ታላቅን አለመቃወም ጨዋነት በሆነበት ባህል ነው፤ በእንግድነት በሄድንበት አገር ደግሞ «እኔ ስለ በረዶ ምን አውቃለሁ?» የሚለው ይጨመርበታል። በተነል ክሪክ ዝም ያሉት ሰዎች ግን በዚያው በረዶ ላይ የኖሩ ነበሩ። ስለዚህ በተራራ ላይ የሚበጀው ደንብ ከቤት ሳይወጡ መስማማት ነው፦ ከቡድኑ ውስጥ የማንም ሰው «እኔ አልሄድም» በቂ ነው፤ ምክንያት አይጠየቅም፤ ሁሉም ይመለሳል። ጀማሪዋ ተማሪም ይህ መብት አላት።

፬. በውሽንፍር ወቅት ለሚጓዝ

ልምድ የማይታመን መምህር ከሆነ ፍርዳችንን በምን እንተካው? መልሱ አስቀድሞ በተቀመጠ ደንብ ነው። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1993 የተስማሙበት የናዳ አደጋ መለኪያ አምስት ደረጃ አለው፤ 1 ዝቅተኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ጉልህ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ ነው። ሰሜን አሜሪካም ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ትጠቀማለች። 3 ቁጥር ከአምስት መካከል ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው «መጠነኛ» አድርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን ከሞት አደጋዎች ብዙው ድርሻ የሚደርሰው በደረጃ 3 ነው። በደረጃ 5 ማንም አይወጣም፤ በደረጃ 3 ግን ሰዎች ይወጣሉ፤ ተዳፋቱም ለአንድ ሰው ክብደት ዝግጁ ነው።

ቬርነር ሙንተር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የተራራ መሪ ይህን መለኪያ ከተዳፋቱ ጋር ያገናኘበት ቀላል ደንብ ለማስታወስ ይመቻል። በደረጃ 2 ከ40 ዲግሪ በታች፣ በደረጃ 3 ከ35 በታች፣ በደረጃ 4 ከ30 በታች መቆየት። ደንቡ ፍጹም ደኅንነትን አይሰጥም፤ ውሳኔውን ግን ከስሜት ያላቅቃል።

በተጨማሪ የሚከተሉትን አጥብቄ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ የዕለቱን የናዳ ትንበያ ሳያነቡ አይውጡ። አደጋ ባለባቸው አገሮች አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ በነፃ ይወጣል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ከፍታና የትኛው የተራራ ጎን እንደሚያሰጋም ይገልጻል።

ሁለተኛ፣ ውሽንፍሩ በሚነፍስበት ጊዜና ካበቃ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ መሬት ብቻ ይጓዙ፤ ከላያችሁም ቁልቁለት አለመኖሩን አረጋግጡ። በሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ከላይ የወረደ ናዳ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ስኪ ለማይሞክሩ፣ በበረዶ ጫማ ለሚንሸራሸሩና በተራራ መንገድ ለሚነዱም ይሠራል፤ «የናዳ ክልል፣ አትቁሙ» የሚል ምልክት ካለበት ቦታ ፎቶግራፍ ለማንሣት እንኳ መኪና አይቆምም።

ሦስተኛ፣ ተፈጥሮ ራሷ ስትናገር ስሙ። በአቅራቢያው አዲስ ናዳ ከታየ፣ ከእግር ሥር ስንጥቅ ከሮጠ፣ በረዶው ድፍን ያለ ድምፅ አሰምቶ ዝቅ ካለ፣ ወይም ሙቀቱ በድንገት ከጨመረ፣ ክርክር አያስፈልግም፤ ይመለሱ።

አራተኛ፣ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ይለፉ። የቀሩት ከአደጋው ውጭ ቆመው በዓይናቸው ይከታተሉ።

፭. ሰው ሲቀበር

እያንዳንዱ ተጓዥ ሦስት ዕቃ ይይዛል፦ ምልክት የሚልክና የሚቀበል አነስተኛ የመፈለጊያ ሬዲዮ፣ የሚገጣጠም ረጅም ዘንግና አካፋ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብዙም አይረዱም፤ ናዳ ከቆመ በኋላ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በእጅ አይቆፈርም። በስዊዘርላንድ መረጃ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚወጡት ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል ይተርፋሉ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን ከሦስት አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም አይደርስም። የሚያድነው በአጠገብ ያለው ጓደኛ ነው።

ያ ጓደኛ ግን ወደ ናዳው ከመሮጡ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ከላይ ያልወረደ የቀረ አለ? ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ወገኑን ሊያወጣ ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ጭቃና በረዶ በባሕርያቸው ይለያያሉ፤ ሕጋቸው ግን በአንድ ነጥብ ይገናኛል። የመጀመሪያው ናዳ ከላይ ያለውን መደገፊያ ሊያነሣ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ መናዱ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ወገንን ለማዳን የሚሮጥን ሰው ማንም አይወቅስም። አንድ ሰው ለብቻው ወደ ላይ እየተመለከተ እንዲያስጠነቅቅ ማቆም ግን በበረዶውም በጭቃውም ተራራ ሊለመድ የሚገባ ነው።

ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «እንግዲያውስ ከነጭራሹ አለመሄድ አይሻልም?» ስትል ጠየቀች። መልሴ የሚከተለው ነበር።

አይመስለኝም። በስዊዘርላንድ፣ በኖርዌይና በዋሽንግተን የሚኖሩ ሰዎች ከተራራቸው ጋር ኖረዋል፤ ለዘብ ባለ መሬት ላይ ጸጥ ባለ በረዶ ውስጥ መጓዝም ታላቅ ደስታ ነው። እኔም ደጋግሜ ሄጃለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከምትወጡበት ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ በሞቀ ቤት ውስጥ፣ ካርታውንና ትንበያውን ዘርግታችሁ የት እንደምትመለሱ ወስኑ። በማግሥቱ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጓደኞቻችሁ እየሳቁ፣ ያልተረገጠው በረዶ ከፊታችሁ ሲያብረቀርቅ፣ ማታ የወሰናችሁትን አትለውጡ። ወደ ጥንቃቄ ከሆነ ለውጡት፤ ወደ ድፍረት ግን አይሁን።